ሁለተኛው መልስ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ቆመሽ ውለሽ ቁጭ ስትዪ የሚነሣብሽ ቁርጥማት ዘንድሮስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትደግፊያለሽ? እማዬስ ዓይኗን ታየች ወይ? ባለቤትሽስ መኪናው ሥር ተኝቶ መዋሉን ተወ? ልጆቹስ? ጤና ጣቢያውስ ያው ነው፣ ሌሎቹ ነርሶች ባዶ ወንበር እያዩ ሰው ሁሉ አንቺን ብቻ ተሰልፎ የሚጠብቅበት? ናፍቆቴን በቃል ልግለጸው ብል አልችልም፤ በየቀኑ አንድ አንዳችሁን እያነሣሁ እውላለሁ። እኔ በአካሌ ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ብርዱንም ለምጄዋለሁ። የቀረውን ግን በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ሞክሬ፣ አራት ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘግቻለሁ። አንቺም በመጨረሻው ጊዜ፣ ይቺ ልጅ ምነው ዝናብ ዝናብ አለች ሳትዪ አትቀሪም። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ። ወረቀት መሃል ላይ አያቋርጥም፣ አይቆጣምም።

ወሬ ሲጎተት ስለማትወጂ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከሥራ ወጥቻለሁ፤ ገሚሱን ተባርሬ ገሚሱን ለቅቄ ነው። አንድ ሰው ሞተዋል። በእሳቸው ሞት እንዳንቺ ያለች አንዲት ነርስ ስሟ ጠፍቷል። የሁለቱም ነገር መነሻ እኔ የጻፍኳት ሦስት መስመር ናት። ሦስት መስመር ስልሽ ለአነጋገር ያህል አይደለም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። የምሠራበት ድርጅት ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስምንት ሰው ነን። ሊፍቱ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይሠራል፣ ሐሙስ ሲሆን ይሰለቸዋል። ሆስፒታሎች የበሽተኛ መዝገብ የሚይዙበትን ፕሮግራም እንሠራለን፤ ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ የምትጽፍበት፣ ሐኪሙም ክፍሉ ተቀምጦ የሚያነብበት ማለት ነው። ባልደረቦቼ ዓይን የሚያየውን ነው የሚሠሩት፤ ቀለሙን፣ ሰንጠረዡን፣ የሚጫኑትን ቁልፍ። የእኔ ድርሻ ማንም የማያየው የታችኛው ክፍል ነበር፤ የተጻፈውን ተቀብሎ ዲስክ ላይ ማድረስ። አንድ ጊዜ ላስረዳሽ ብሞክር፣ ታዲያ ምን ሠራሽ ሊባል ነው ብለሽ የሳቅሽብኝ ሥራ እሱ ነው።

አሁን ግን ታገሺኝና ስሚኝ፤ ይህ ካልገባሽ ጥፋቴም አይገባሽም። ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አለው። አንዱ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ሌላው ዲስኩ ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አይረሳም። በሁለቱ መካከል እያመላለሰ የሚያደርሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ ሲስተሙ ልበልሽ። ይህን ጻፍልኝ ስትዪው ወዲያው እሺ ይልሻል። እሺ የሚልሽ ግን ፈጣኑ ጋ አስቀምጦት ነው፤ ወደ ዲስኩ የሚወስደው ሲመቸው ነው። ለኃላፊያችሁ ማመልከቻ ይዘሽ ስትሄጂ ፀሐፊዋ ተቀብዬሻለሁ ትልሽ የለ? ወረቀቱ ግን ገና የእሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። በእርግጥ ደርሶ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው ለብቻው ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፤ ዲስኩ ላይ ደረሰ ወይ ብሎ። ሲስተሙም ጥቂት ያስጠብቅና ደርሷል ወይም አልተሳካም ብሎ ይመልሳል።

ሲስተሙን የሚሠሩት ሌሎች፣ ፕሮግራም የምንጽፈው ደግሞ እኛ ስለሆንን በመካከላችን መስማሚያ የሚሆን ወፍራም መጽሐፍ አለ። ስታንዳርድ ይሉታል። እያንዳንዱ ጥያቄና መልስ ምን ማለት እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ተከራክሮ የጻፈው ነው፤ ሰው በተከራከረ ቁጥር ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ማንንም እንዳያስቀይም ሆኖ እየለሰለሰ ይሄዳል። ያቺ ደረሰ ወይ የምትለዋ ጥያቄ ጋ ስትደርሺ፣ መልሱ አልተሳካም ከሆነ ጽሑፌ ደርሷል ብለሽ እንዳትመኪ ይላል። ይኸው ነው። ታዲያ ያልደረሰው ጽሑፍ የት ነው ያለው? እንደገና ብጠይቅስ ምን ይመለስልኛል? መጽሐፉ እዚያ ጋ አፉን ይዘጋል።

እኔ ያንን ዝምታ በገዛ ልቤ ሞላሁት። ያልደረሰ ነገር እጅ ላይ ይቆያል ብዬ አሰብኩ፣ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል እንኳ አልጠረጠርኩም። ሦስቷን መስመርም ጻፍኩ። ደረሰ ወይ ብለህ ጠይቅ፤ አልተሳካም ካለ ድጋሚ ጠይቅ፤ ደርሷል ካለ ለነርሷ አረንጓዴ ምልክት አሳያት። ያን ቀን አለቃችን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይቺ ልጅ በዋዛ እጅ አትሰጥም ብሎ አመሰገነኝ። ለአንቺም ደውዬ ጉራዬን ነዝቼብሻለሁ፣ ታስታውሺ እንደሆነ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ያንኑ ዝምታ በሌላ ነገር ሞልተውታል። ማድረስ ያልተቻለውን ጽሑፍ፣ አልተሳካም ብሎ አንዴ ከተናገረ በኋላ፣ ሲስተሙ ከሚያደርሳቸው ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ያወጣዋል። ድጋሚ ስትጠይቂው ዝርዝሩን ያያል፤ የቀረ ነገር የለም፤ ስለዚህ ደርሷል ይልሻል። መጥፎውን ወሬ አንዴ ብቻ ነው የሚናገረው። የባሰው ደግሞ ምን መሰለሽ? ጽሑፉ ለጊዜው ፈጣኑ ማስቀመጫ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ተመልሰሽ ብትከፍቺው ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ድራሹ የሚጠፋው ማሽኑ ተዘግቶ ሲከፈት ነው።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ሐምሌ ላይ፣ የእኛን ፕሮግራም ከሚጠቀሙት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝተው ነበር። ስትሮክ አንደበታቸውን ይዞታል። ረፋዱ ላይ ልጃቸው መጥታ ለተረኛዋ ነርስ አንድ ነገር ነገረቻት፤ አባቷ አንድ መርፌ አይስማማቸውም፣ ከዓመታት በፊት ተወግተው ጉሮሯቸው ተዘግቶ ለጥቂት ነው የተረፉት። ነርሷ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ናት፤ ዕድሜዋም ካንቺ ቢበልጥ በሁለት በሦስት ዓመት ነው። ቆማ ሳለች እዚያው መዝገባቸው ላይ ጻፈችው። አረንጓዴው ታየ። ዘግታው ወደ ሌላ አልጋ ሄደች፣ ከዚያ ደግሞ ልቧ አላርፍ ብሏት ተመልሳ ከፈተችው፤ የጻፈችው ሁሉ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ ተራዋ አብቅቶ ወደ ቤቷ ሄደች።

ለተተኪዋ አልነገረቻትም እንዴ ብለሽ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ እንደምትጥዪው ይታየኛል። እዚያ ሆስፒታል የእኛ ፕሮግራም ከገባ ወዲህ አልጋ ላልጋ እየዞሩ በአፍ መረካከብ ቀርቷል። ደንብ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ እንዳልተባለ ይቆጠራል፣ የተጻፈውን በአፍ መድገም አያስፈልግም ይላል። ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ነው። የእኛ ሰዎችም ፕሮግራሙን ለማሻሻጥ በሄዱ ቁጥር ትልቁ ወሬያቸው እሱ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ቴክኒሻን፣ ሲያስቸግር የሰነበተውን ዲስክ ሊፈትሽ ሰርቨሩን፣ መዝገቡ ሁሉ ያለበትን ዋናውን ኮምፒውተር፣ ዘግቶ ከፈተው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሙ ያንን መርፌ አዘዘ። አዲሷ ተረኛ መዝገቡን አየች፤ ምንም የለም። ወጋቻቸው። አንደበታቸው የተያዘ ሰው በምን ይከላከሉ? እትዬ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ልጽፈው አልችልም። አንድ ሰዓት አልሞላም ብለውኛል።

ነርሷ ስትጠየቅ ጽፌአለሁ አለች። የለም ተባለች። ተመልሼም አይቼዋለሁ፣ አላየሁት እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ማለች። ከመዝገቡ ላይ ግን አንዲት ፊደል አልተገኘችም። የሟች ልጅ ኮሪደሩ ላይ አግኝታት፣ በጆሮሽ ነግሬሽ ነበር እኮ እያለች ስትጮህ የሰማ ሁሉ፣ ፍርዱን እዚያው ሰጥቶ ነው ወደ ሥራው የተመለሰው። ከሥራ ታገደች፣ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ለእኛ ድርጅት ጻፈ፤ በዚያ ቀን በዚያ መዝገብ ላይ የገባ ጽሑፍ ነበር ወይ ብሎ።

ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ማሽኑ ያደረገውን ሁሉ በሰዓትና በሰከንድ የሚያሰፍርበት የውሎ መዝገብ አለው፤ እሱን አስመጥቼ ማገላበጥ ያዝኩ። አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ አገኘሁት። ከእሷ ስም፣ ለዚያ አልጋ። አንደኛው መስመር አልተሳካም ይላል። ከሥሩ ያለው፣ ዓይን ከሚርገበገብበት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ደርሷል ይላል። በእጄ የያዝኩት ሻይ ቀዝቅዞ ሽፋን እስኪሠራ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። የጻፈችው ምን እንደሆነ ማሽኑ አልያዘውም፣ መጻፏን ግን ይዟል። አይታውማ ነበር። እንዳለችው ነው፣ በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች።

ወረቀቱን አትሜ ለአለቃችንና ለአንቀጽ አሳየሁ። አንቀጽ ያልነው የድርጅታችንን አንጋፋ ነው፤ ስታንዳርዱን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል፣ ምሳ ሲታዘዝ እንኳ አንቀጹ ምን ይላል ሳይል አይቀመጥም። መጽሐፉን ገልጠን ሦስታችን ተቀመጥን። አንቀጽ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲያነባት፣ ሲመልሳት ቆየ። በመጨረሻ፣ ድጋሚ መጠየቅ የተከለከለበት ቦታ የለም፣ ስለዚህ እኛ አላጠፋንም አለ። ሲስተሙን የሠሩትም ጽሑፉን ይዘው እንዲቆዩ የታዘዙበት ቦታ የለም፣ እነሱም አላጠፉም አለ። ሆስፒታሉም አረንጓዴ አይቶ አምኗል፣ እሱም አላጠፋም። ታዲያ ሰውዬው በማን ሞቱ አልኩት። ሁሉን የሚያውቀው ሰውዬ መጽሐፉን ከድኖ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ስታንዳርድ እንዲህ ሲሆን የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም። አለቃችን ግን የአንቀጽን ንግግር ሲሰማ ፊቱ በራ። መልሱን ራሱ አርቅቆ አመጣው፤ አንድ መስመር ብቻ ናት። ፕሮግራማችን በስታንዳርዱ መሠረት ሠርቷል፣ ትላለች። ሐሰት የለባትም እኮ፣ የዚህ ክፍል ባለሙያ አንቺ ነሽና አንቺ ፈርሚባት አለኝ። ስህተቷን በጸጥታ እናርማታለን፤ ነገሩ ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል አለ። ስንቱን ያዋለድሽ አንቺ ብትሰሚው ምን ትዪው ነበር? እኔ ሳመነታ ጊዜ ደግሞ፣ የስምንት ሰው ጉሮሮ እንዳትዘጊ አለኝ። ሰውዬው በምን እንደሞቱ እያወቀ ያንን ቃል ሲናገር ምን እንዳለ እንኳ አልገባውም።

ፈረምኩ። እትዬ፣ ይህችን ደብዳቤ በምጽፍልሽ እጄ ፈረምኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ አዎ፤ ግን እሱን ሰበብ ማድረግ አልፈልግም። እውነቱን ከፈለግሽ አፈርኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ የተመሰገንኩባት ነገር ሰው ገደለች ብዬ መናገር አቃተኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። ሦስቷን መስመርም አስተካከልኳት፤ አልተሳካም ካለ ለነርሷ ቀይ አሳያት፣ በወረቀትም እንድትጽፈው ንገራት አልኩት። ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። የሃያ ደቂቃ ሥራ ነበር እትዬ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ነርሷ ራሷ ቢሯችን መጣች። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ሰልችቶት ስለነበር ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታለች፤ በር ላይ ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ አየኋት። ሌሎቹ ስብሰባ ገብተው ነበርና ተቀብዬ አስቀመጥኳት። ዕድሜዋን በደንብ ልብስ የኖረች ሴት፣ የራሷን ልብስ ለብሳ እንግዳ ቤት የገባች ትመስላለች። ጥፍሯ እንዳንቺ ከሥሩ የተቆረጠ ነው።

ለጠብ የመጣች መስሎኝ የምመልሰውን ስሰካካ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ነው እህቴ አለችኝ። ሥራዬን መልሱልኝ አልልም አለች። እናቷ ሃምሳ ሳይሞላቸው መርሳት ጀምሯቸው ነበር፤ ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ፣ ያላደረጉትን አድርጌአለሁ ይላሉ። እኔንም እሱ ጀምሮኝ ከሆነ በሽተኛ አጠገብ መድረስ የለብኝም፤ ካልጀመረኝም ልወቀውና ልረፍ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ ራሴን አላምነውም አለችኝ። ያንን ጽሑፍ አይቼዋለሁ ወይስ ያየሁት መስሎኝ ነው? አንቺ ማሽኑን የምታውቂው ንገሪኝ አለችኝ።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ያቺው የፈረምኩባት መስመር ናት። ፕሮግራማችን በስታንዳርዱ መሠረት ሠርቷል አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መመለሻ የለውም። ራሷን ነቀነቀች። እንግዲያው እኔ ነኝ አለች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? አመሰገነችኝ። ሳታድበሰብሺ ስለነገርሽኝ ተባረኪ አለችኝ። የእግሯን ኮቴ እስከ ምድር ቤት ድረስ ሰማሁት።

በሳምንቱ በገዛ እጇ ጽፋ ለኮሚቴው ሰጠች፤ አልጻፍኩትም፣ የጻፍኩ መስሎኝ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ። የሙያ ፈቃዷን ነጠቋት። ይህን የሰማሁት ከዚያው ከሆስፒታሉ ቴክኒሻን ነው። ሌላ ብልሽት ሊያስመዘግብ ደውሎ፣ በወሬ መሃል፣ አመነች እኮ፣ ሁላችንም ተገላገልን አለኝ። ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ሥራዋን ብቻ ያሳጣኋት ይመስለኝ ነበር። ለካ በገዛ ዓይኗ ላይ የነበራትን እምነት ነው የነጠቅኋት፤ እሱን ደግሞ ኮሚቴ አይመልሰውም።

ያኔ እንኳ ወዲያው ጀግና ሆንኩ አልልሽም። አራት ቀን ተኛሁበት፤ በአምስተኛው ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቼ በእግሬ ሆስፒታሉ ሄድኩ። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ መፈረሜንም፣ ነርሷ ቢሯችን መጥታ የመለስኩላትንም። ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። አለቃችን በሁለተኛው ቀን ዕቃሽን ሰብስቢ አለኝ፤ ባይለኝም ልሰበስብ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንቀጽ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ሳይጠራ መጣ። ከኮሚቴው ፊት ቆመና፣ እዚህ ጋ መጽሐፉ ዝም ይላል፣ ዝም ያለበትን ቦታ እንደመሰለን የሞላነው እኛ ነን፣ እኔም ይህን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ አለ። ስንወጣ እስከ አውቶቡስ መቆሚያው ሸኘኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፣ ግን ማንን አግኝቶ? በታኅሣሥ መጨረሻ ኮሚቴው ውሳኔውን ሻረ፤ ፈቃዷ ይመለስላት፣ ስሟም ይታደስ አለ። ደንቡን ከግድግዳ ላይ ቀደዱት፤ ነርሶቹ እንደ ድሮው አልጋ ላልጋ እየዞሩ በአፍ ይረካከባሉ። የሟች ልጅ ውሳኔው ሲነበብ እዚያው ነበረች። ሲያልቅ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ነርሷ ፈቃዷ በፖስታ ቢደርሳትም ሥራ አልገባችም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቷን አፈላልጌ ሄድኩ። ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ምድር ቤት ያለች፣ ሁለት ክፍል ቤት ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ወረቀት ነው፤ ምድጃው ላይ አጥፍተሽዋል ወይ ይላል፣ የቧንቧው ራስጌ ዘግተሽዋል ወይ ይላል፣ በሩ ላይ ቁልፍሽን ይዘሻል ወይ ይላል። ሁሉም በእሷ እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም ሥር የዕለቱ ቀንና ምልክት አለ። ጽሕፈቷ እንዴት ያምራል መሰለሽ፣ እንደ መዝገብ ቀጥ ያለ ነው።

ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጠን ሁሉን ነገርኳት፤ ለአንቺ እንደነገርኩሽ፣ ከሥሩ ጀምሬ። ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁት። መነጽሯን አድርጋ ጣቷን በመስመሩ ሥር እየሳበች አነበበችው። አንደኛው አልተሳካም ይላል፣ ሁለተኛው ደርሷል ይላል፤ የቱን ልመን አለችኝ። አንደኛውን አልኳት። ያኔ ስጠይቅሽ ግን እንዲህ አላልሽኝም አለች። ዋሽቼ ነው፣ ፈርቼ ነው አልኳት። ቁጣ ብጠብቅ አዘነችልኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘችና፣ አንቺ ደግ ልጅ ነሽ፣ ለእኔ ብለሽ ሥራሽን አጣሽ አሉኝ፣ አሁን ደግሞ እኔን ለማጽናናት በራስሽ ላይ አትመስክሪ አለችኝ። ማልኩላት፤ በእማዬ ማልኩላት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። እያባበለች በር ድረስ ሸኘችኝ። ከወጣሁ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ ተመልሶ ሲከፈት፣ እንደገና ሲቆለፍ። እዚያው ቆሜ እስኪያበቃ ጠበቅኩ፤ አላበቃም፣ እኔው ሄድኩ።

እንግዲህ እትዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ይቅር በዪኝ ለማለት ብቻ አይደለም። ያንንስ ፊትሽን ሳይ እጠይቅሻለሁ፤ ከሥራ ስለወጣሁ የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያበቃ ሁለት ወር ቀርቶታልና መምጣቴ ላይቀር ይችላል። የምለምንሽ ሌላ ነው። ለእሷ አንቺ ጻፊላት። እኔ አንዴ ዋሽቼ ኋላ የተናዘዝኩላት ነኝ፤ ሁለተኛው መልሴ አይታመንም፣ እውነቷንም ነው። አንቺ ግን ነርስ ነሽ፤ በሽተኛ ትተሽ ቤትሽ ስትገቢ እጅሽ የሠራውን ልብሽ ሲጠይቅሽ የሚያድርበትን ሌሊት ታውቂዋለሽ። እኔን አታሳምሪላት። ደግ እህት አለችኝ እንዳትዪ። እህቴ ዋሽታሻለች ብለሽ ጀምሪላት፤ ከዚያ ያየሽው ነገር ነበር፣ በዓይንሽ አይተሽዋል በያት። አድራሻዋን ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህንን ሁሉ አንብቢላት፣ የምታለቅስበት ቦታ ላይ አትዝለዪባት። ለባለቤትሽ ሰላም በዪልኝ፤ መኪናው ካልተነሣ እሱ ከሥሩ ይነሣ። ትልቋ ልጅሽ ነርስ እሆናለሁ ማለቷን ካልተወች አትከልክያት። ቃሪያውን፣ ያንን ቁጡ ልጅሽን፣ ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ቢነክስሽ ለእኔ ተነከሺልኝ። አጎታችን ሬዲዮ እንደ ወጉ ለሰፈሩ ሁሉ ያሰራጨው፣ አልከለክለውም፤ ብቻ እኔን አሳምሮ እንዳያወራ። ለጤና ጣቢያው ባልደረቦችሽ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ለእኔ መልስ ልጻፍ ብለሽ አትቸኩዪ። አስቀድመሽ ለእሷ።

ታናሽ እህትሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
የካቲት ፱ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ